ራቤል ስልክ ሲጠፋ፦ በእጅ የምትያዘው ሬዲዮ ምን ታደርጋለች? ምንስ ታመጣለች?

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ የግሼ ልጅ ጠጋ አለን። መርካቶ ሸቀጥ እየሸጠ የሚተዳደር፣ ወላጆቹ ግን ራቤል አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ወጣት ነው። አያቱ የሞቱ ዕለት ስልክ አልሠራም። መርዶው የደረሰው በአራተኛው ቀን ነው፤ ያውም ከራቤል የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ ገበያ ላይ አግኝቶት። «ጀናዛቸውን አልሸኘሁም፤ አፈር እንኳ አላለበስኳቸውም» አለን። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየን። ጥቁር፣ አጭር አንቴና ያላት፣ በመዳፍ የምትያዝ የመገናኛ ሬዲዮ ናት። «ኡስታዝ፣ ሁለት ገዝቼ አንዷን ወደዚያ ብልክ፣ አንዷን እኔ ብይዝ ያለ ኔትወርክ ትገናኛላችሁ ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ ሐላል ነው?»

ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። ከሰሜን ሸዋም፣ ከደቡብ ወሎም፣ ከሌላውም የክልሉ ክፍል የመጡ ወንድሞችና እህቶች በተለያየ መልክ ያነሱታል። ስለዚህ በመስጂድ በር ላይ ቆመን ከመለስንለት ትንሽ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት ወደድን።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወደ ዋና ዋና ከተሞች ቀስ በቀስ መመለስ የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። ከዚያ በፊት ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ጀምሮ የትግራይ ሕዝብ የደረሰበትን ሁላችንም እናስታውሳለን። ልጅ የእናቱን መሞት ከዓመት በኋላ የሰማበት ጊዜ ነበር። እንደ ግሼ ባሉ ገጠራማ ወረዳዎች ደግሞ ስልክ እንዲጠፋ የግድ ትእዛዝ አያስፈልግም። መብራት ይጠፋል፤ የማማው ጄኔሬተር ነዳጅ ያልቃል፤ መንገድ ተዘግቶ ጠጋኝ አይደርስም፤ ገመድ ይቆረጣል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራላት ሰው ታጣለች። ቀይ መስቀል 907 የሚባል ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው ግን ስልኩ ሲጮህ ነው። ጀናዛን ማፋጠን በሃይማኖታችን የታዘዘ በመሆኑ ሩቅ ያለ ልጅ የመድረስ ዕድሉ ቀድሞም ጠባብ ነው፤ ስልክ ሲጠፋ ጭራሽ ይዘጋል።

ወደ ሬዲዮዋ እንመለስ። ወጣቱ ያሳየን ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የምትባለውን ነው። እ.ኤ.አ በ2012 ገደማ ከቻይና ወጥታ ዓለምን ያጥለቀለቀች፣ በውጭ ገበያ በርካሽ ዋጋ የምትሸጥ ዕቃ ናት። ኃይሏ ከ4 እስከ 5 ዋት ነው። ማማ አያስፈልጋትም፤ ሲም ካርድ የላትም፤ ወርኃዊ ክፍያ የለባትም። ጎኗ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ትናገራለህ፤ ለቅቀህ ትሰማለህ። በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳም ባትሪዋን መሙላት ይቻላል። እስከዚህ ድረስ የነጋዴው ወሬ እውነት ነው።

ነጋዴው ያልነገረው የተራራውን ነገር ነው። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚሠሩባቸው ሞገዶች እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብለው ይሄዳሉ እንጂ ጋራ ዞረው አይመጡም። ቤትና ዛፍ በበዛበት ከተማ ውስጥ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ከደረሱ ደግ ነው። ከግሼ ደጋ ጫፍ ቆሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አንጾኪያ ቆላ ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ይለወጣል። የ1,500 ሜትር የከፍታ ልዩነት ካለ በስሌት ደረጃ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ፊት ለፊት ይታያል፤ ዓይን የሚያየውን ሬዲዮዋም ታገኘዋለች ማለት ይቻላል። ያው ሰው ገደሉን ትቶ ወደ ሸለቆው ሁለት መቶ እርምጃ ቢወርድ ከማዶ ሸለቆ ያለ ጎረቤቱን እንኳ ላያገኝ ይችላል። አባቶቻችን ከጋራ ጋራ ተጣርተው ወሬ ያደርሱ በነበረበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ሬዲዮዋም የምትከተለው ያንኑ ሕግ ነው። ራቤል ካለ ሰው ወደ መርካቶ? በፍጹም። መካከላቸው ያለው የመንዝና የጣርማበር ተራራ አንድ ዋትም አያሳልፍም።

ተራራን የሚሻገር ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው ሪፒተር የሚባል ጣቢያ ከፍታ ላይ መትከል ነው። ደካማዋን ሬዲዮ ሰምቶ ድምፁን አጉልቶ መልሶ ይለቃል። የጓሳ አምባ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው በመሆኑ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሁለተኛው አጭር ሞገድ ነው። ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ሽቦ በሁለት ዛፍ መካከል ተዘርግቶ በ7 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ሲላክ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይኛው የአየር ንብርብር ነጥሮ እንደ ዝናብ ወደ ምድር ይመለሳል። ተራራም ሸለቆም አያግደውም፤ ከራቤል አዲስ አበባ የሚደርሰው ይህ ነው። ዕቃው ግን የመዳፍ አይደለም፤ ዋጋውም ብዙ እጥፍ ነው፤ የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። እንግዲህ ወጣቱ የተሸጠለት ተስፋ ከመሠረቱ የማይሠራ ነበር።

አሁን ከበድ ወዳለው ጉዳይ እንግባ። በ2004 ዓ.ም የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ የያዘ ወይም የተጠቀመ ሰው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 40,000 ብር መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። ያስገባ ወይም ለሽያጭ ያቀረበ ከሆነ ቅጣቱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። ልብ በሉ፣ «ተጠቀመ» ብቻ አይደለም፤ «ያዘ» የሚልም አለበት። ሳጥን ውስጥ ተቆልፋ የተቀመጠች ሬዲዮም ታስቀጣለች። በአውሮፓ ማንም ከሱቅ ገዝቶ ያለ ፈቃድ የሚያወራባቸው አነስተኛ ሬዲዮዎች አሉ። ከዚያ ለልጅ መጫወቻ ብሎ ይዞ የመጣ ዘመድም እዚህ ሲደርስ ነገሩ ጨዋታ አይሆንለትም።

ሕጉን እንተወውና መንገዱን እናስብ። ግጭት ባለበት አካባቢ አንድ ወጣት ፍተሻ ላይ ከቦርሳው የመገናኛ ሬዲዮ ቢገኝበት ማን «ለእናቴ ነው» ሲል ያምነዋል? አንዱ ወገን የዚያኛው መረጃ አቀባይ ነው ይለዋል፤ ያኛውም እንዲሁ። ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ዩቪ-5አር ከ136 እስከ 174 እና ከ400 እስከ 520 ሜጋ ኸርዝ ክፍት ሆና ነው የምትመጣው። በእኛ የዓለም ክፍል ለአማተሮች የተመደበው ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ፖሊስ፣ የጸጥታ አካል፣ የእርዳታ ድርጅትና ሌላም ተቋም ይጠቀምበታል። ሳያውቅ ቁጥር የነካካ ሰው የማይገባበት ቦታ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ምስጢር የሚባል ነገርም የለም። የተናገርከውን ተመሳሳይ ሬዲዮ የያዘ ሁሉ ይሰማል። «ወንድሜ ነገ በዚህ በኩል ይመጣል» ብሎ መናገር ለማን እንደተነገረ አይታወቅም።

መስከረም 7 እና 8 ቀን 2017 በሊባኖስ የሆነውንም እናስታውስ። መጀመሪያ ፔጀሮች፣ በማግሥቱ በእጅ የሚያዙ ሬዲዮዎች በሰው እጅና ወገብ ላይ ፈነዱ። ሬዲዮዎቹ ላይ የአንድ የታወቀ የጃፓን ኩባንያ ስም ተለጥፎ ነበር፤ ኩባንያው ግን ያንን ሞዴል መሥራት ካቆመ አሥር ዓመት እንደሆነው ተናገረ። ይህን ያነሳነው ሰው ለማስፈራራት አይደለም፤ መርካቶ የምትገኝ ሬዲዮ ትፈነዳለች እያልንም አይደለም። በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ከየት እንደመጣና ማን እንደከፈተው የሚጠየቅ ባለቤት የለውም ለማለት ነው።

ታዲያ ሬዲዮ ራሱ ክፉ ነገር ነውን? አይደለም፤ ይህን የምንለው በጽኑ ነው።

አማተር ሬዲዮ ማለት ለትርፍ ሳይሆን ለመማርና ለመረዳዳት ሲባል በፈቃድ የሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ፈተና ተፈትኖ ያለፈ ሰው የራሱ የጥሪ መለያ ይሰጠዋል፤ ማስታወቂያ፣ ንግድና ኮድ የተደረገ ንግግር ክልክል ነው። በአሜሪካ ከ700,000 በላይ ባለ ፈቃዶች አሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ሲሆን 26ቱን የመለሰ ያልፋል፤ ከኛ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። ከሙስሊሙ ዓለም ደግሞ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሑሴን ስመ ጥር አማተር ነበሩ። የጥሪ መለያቸው ጄዋይ1 ነበር፤ ከቤተ መንግሥታቸው ሆነው ከማያውቁት ተራ ሰው ጋር በአየር ላይ ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። እ.ኤ.አ በ1999 ከሞቱ በኋላ በ2018 ወደ ህዋ የተላከች አንዲት ትንሽ የዮርዳኖስ ሳተላይት በዚያው የጥሪ መለያቸው ተሰይማለች።

እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የአንዳማን ደሴቶችን ሲመታ ባራቲ ፕራሳድ የምትባል ሕንዳዊት አማተር ፖርት ብሌር ከተማ ጣቢያዋን ተክላ ነበር። የመጣችው ለትርፍ ጊዜዋ ደስታ ነበር። ስልኩ ሁሉ ሲቋረጥ ከዋናው ምድር ጋር ወሬ የምታቀባብለው እርሷ ሆነች፤ ማን ተረፈ፣ ማን ጠፋ የሚለውን ለቤተሰብ የሚያደርሰው የእርሷ ጣቢያ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲያወድም የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሃምሳ አማተሮች ይሰጡኝ ብሎ ጠይቋል። ሁለቱም አደጋዎች ሲመጡ ሰዎቹ ቀድመው ፈቃድ የነበራቸውና የሠለጠኑ ናቸው፤ ለእኛ ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

እኛስ አገር? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለኢትዮጵያ ኢቲ የሚል የመነሻ ፊደል ከሰጠ ረጅም ዘመን ሆኖታል። በንጉሡ ጊዜ አማተሮች ነበሩ፤ አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩ አሜሪካውያን ጭምር። በደርግ ዘመን ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተነሣው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የተባለ የክበብ ጣቢያ አለው። የዓለም አማተሮች «ኢትዮጵያን አገኘሁ» ብለው የሚደሰቱት በአብዛኛው በዚህ አንድ ጣቢያ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ አንድ ስሙ የታወቀ ጣቢያ! ተማሪዎቹ የሚያደርጉት ጥሩ ነው፤ አላህ ያበርታቸው። ነገር ግን ከአምስት ኪሎ ግቢ ውጭ ያለው ገበሬ፣ ነጋዴ፣ መምህር፣ ኢማም ወይም ቄስ በተግባር የሚሄድበት መንገድ አይታይም።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ የሬዲዮ ሞገድ ማስተዳደርና ፈቃድ መስጠት የእርሱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ በ2003 ጄኔቭ ላይ የተሻሻለው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ደንብ ደግሞ አገሮች አማተሮቻቸው ለአደጋ ጊዜ ግንኙነት እንዲዘጋጁ መንገድ እንዲያመቻቹ ያበረታታል። አደጋው ሩቅ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በሬክተር ስኬል 5.8 የተለካ ርዕደ መሬት ደረሰ፤ ከሰሜን ሸዋ ቆላ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። የደብረ ሲናና የጣርማበር ቁልቁለትም ከዚህ በፊት መሬት ተንሸራትቶበት ሰው ከቀየው ተነሥቷል።

መንግሥት የሚሰጋበት ምክንያት እንዳለ አንክድም። በጦርነት ወቅት ሬዲዮ መሣሪያ ነው። ግን በጫካ ያለ ታጣቂ ፈቃድ ጠይቆ አይደለም ሬዲዮ የሚይዘው። ክልከላው የሚያስቀረው ስሙን፣ አድራሻውንና ፎቶውን ሰጥቶ፣ ተፈትኖ፣ የሚሰማ ቦታ ላይ በራሱ መለያ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ነው። ከሁሉ ለቁጥጥር የሚመቸውም እርሱ ነበር።

ወጣቱ «ሐላል ነው?» ላለው ደግሞ ዑለማዎቻችን ብዙ የደከሙበት መልስ አለ። የደማስቆው ጀማሉዲን አልቃሲሚ እ.ኤ.አ በ1911 ገደማ «ኢርሻዱል ኸልቅ» ብለው በጀመሩት ርዕስ በቴሌግራፍ በመጣ ወሬ መሥራት ይቻላል ወይ የሚለውን ብቻ የመረመረ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። የረመዷን ጨረቃ አንድ ከተማ ታየ የሚል ቴሌግራም ሌላ ከተማ ሲደርስ ሰው ይጹም ወይስ አይጹም? ክርክሩ በሽቦው ላይ አልነበረም። ክርክሩ በሽቦው ጫፍ ያለው ሰው ማን ነው፣ ታማኝ ነው ወይ፣ ቃሉ ተለውጦ አልመጣም ወይ በሚለው ላይ ነበር። በሳዑዲ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ገመድ አልባ መሣሪያ ሲያስገቡ የተጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቁርኣን እንዲቀራበት አድርገው ሰይጣን ቁርኣንን አያስተላልፍም በሚል እንዳረጋጓቸው ይነገራል። መሣሪያው ሙባሕ ነው። ብያኔውን የሚለውጠው የሚነገርበት ነገርና የሚያመጣው ጉዳት ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ የታዘዝነው ማጣራትም እዚህ ላይ ይመጣል። ስልክ በጠፋ ሰሞን «እከሌ መንደር ተቃጠለ» የሚል አንድ ያልተጣራ ድምፅ አሥር መንደር ሊያነሣ ይችላል። ስም የሌላት፣ ከሌላት የምትለይበት መለያ የሌላት የኮንትሮባንድ ሬዲዮ ለዚህ ዓይነቱ ፊትና የተመቸች ናት።

የአማተሮች ሥርዓት የገረመን በዚህ በኩል ነው። ማንም ሰው አየር ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የጥሪ መለያውን ይናገራል፤ በየመሐሉም ይደግመዋል። የሌላ ሰው መልእክት ሲያቀብል ከማን እንደተቀበለ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ቃል እንደሆነ ይመዘግባል። ሐዲሥ የተማረ ደረሳ ይህን ሲያይ ወዲያው ሰነድ ነው ይላል። ማን ከማን ሰማ የሚለው ነገር ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ስለዚህ እኛ የምንለው ይህ ነው። የግሼ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሬዲዮ በድብቅ አይግዛ፤ አይላክም። ይልቅ ጥያቄው በአደባባይ ለባለሥልጣኑ ይቅረብ። የፈተናው ይዘት በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ይውጣ፤ ፈተናው አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በክልልም ይሰጥ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ አምስት ኪሎ ያለው ዓይነት ክበብ እዚያ የማይቋቋምበት ምክንያት አይታየንም። መጅሊሱ ከሌሎች የሃይማኖት ተቋማት ጋር ሆኖ ቢያንስ በወረዳ ደረጃ አንድ ሕጋዊ የአጭር ሞገድ ጣቢያ በጤና ጣቢያ ወይም በቀይ መስቀል ቅርንጫፍ እንዲቀመጥ ቢጠይቅ የሚያፍርበት ጥያቄ አይደለም። ማን እንደተናገረ የሚመዘገብበት፣ የሞት፣ የምጥና የአደጋ መልእክት ብቻ የሚተላለፍበት ጣቢያ ማለታችን ነው። በግሼ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን የሚጎራበቱ ሰዎች በለቅሶም በሠርግም አብረው ናቸው፤ አንዱ ጣቢያ ለሁሉም ይበቃል። አዲስ አበባ ያለን ልጆቻቸው ዕቃውን ለመግዛት ገንዘብ ብናዋጣ ብዙ አይከብደንም፤ ፈቃዱን ግን ማዋጣት አንችልም።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ አጠር አድርገን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማን። ሬዲዮዎቹን እንደማይገዛ ነገረን፤ ቀብድ አልከፈለም ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ከዚያ «እሺ ኡስታዝ፣ ባለሥልጣኑ እስኪሰማን ለእናቴ ምን ልላክ?» አለ። ለጊዜው መልስ አልነበረንም። እሑድ ወደ ራቤል የሚሄድ መኪና ላይ ሹፌሩን የሚያውቅ ሰው አገኘንለት፤ እርሱም በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጽፎ፣ አጥፎ ሰጠው።